ውሃ ከግርጌ ሲጀምር

ባለፈው ሳምንት ከቤቴ በታች የሚያልፈውን የመስኖ ቦይ ልጠርግ ዶማዬን ሰንዝሬ ስመልሰው፣ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ የወጣው አፈር አልነበረም። ፌስታል ከፌስታል ተጠላልፎ፣ መሃሉ ላይ ያበጠ ዳይፐር አቅፎ፣ ጎኑ ላይ የውሃ ፕላስቲክ ተሰክቶበት፣ አንድ የሞተ በግ የሚያህል ጥቅል ነበር። ተራግሜ ወደ ዳር ስወረውረው ከስሩ ጥቁር ጭቃ ተገለጠና ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። የቆሻሻውን ሽታ ማለቴ አይደለም፤ እሱን ለምደነዋል። ከቆሻሻው ስር ተቀብሮ የኖረው የጭቃው ሽታ ነው፤ እርጥብ አመድ አመድ፣ የበሰበሰ የሾላ ቅጠል፣ ትንሽም ዓሣ ዓሣ የሚል። ዶማዬን ተደግፌ ቆምኩ። ይህን ሽታ የማውቀው ቁመቴ ከዶማ እጀታ በማይበልጥበት ዘመን ነው።

ለምን እንደምቆፍር አስቀድሜ ልናገር። ሰይድ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ማሳው ከቦዩ መጨረሻ፣ እኛ ግርጌ ከምንለው ቦታ ላይ ነው። አባቱ የተከሉት የብርቱካን ዛፎች አሉት። ዓርብ ዕለት ከመስጊድ ሲመለስ ደጄ ላይ ቆመና፣ ውሃ ከራቃቸው ወዲህ ቅጠላቸው መርገፉን፣ የሚመጣው ሐሙስ ከሰል ነጋዴ መጥቶ እንደሚያስቆርጣቸው ነገረኝ። "ቆመው ሲደርቁ ከማይ ቆርጬ ልገላገል። ወላሂ፣ ጠዋት ጠዋት በሬን መክፈት አስጠልቶኛል" አለ። እኔም በንዴት "እስከ ሐሙስ ውሃ አደርስልሃለሁ" አልኩት። ተቆጥቼ የተናገርኩትን በርዶልኝ መሥራት ዕድሜዬን ሙሉ ያስቸገረኝ ጠባዬ ነው።

በልጅነታችን ይህ ቦይ ሥርዓት ነበረው። ክረምቱ ወጥቶ የሮቢ ወንዝ ሲረጋ የመንደሩ ሰው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ዶማና አካፋውን ይዞ ይወጣና ወንዙን በድንጋይና በግራር ቅርንጫፍ ጠልፎ፣ ቦዩን ከራስጌ እስከ ግርጌ ይጠርጋል። እኛ ልጆች ጥንቅሽ እያኘክን ዳር ዳሩን እንከተላለን። የጥንቅሹን ልጣጭ ቦዩ ውስጥ የጣለ፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ መጀመሪያ ባየው ሰው ጆሮውን ይቆነጠጣል፤ ቤቱ ሄዶ ቢያለቅስም ሌላኛውን ጆሮውን ይቆነጠጣል እንጂ የሚያባብለው የለም። የእኔ ጆሮዎች ከወንድሞቼ ጆሮ የሚበልጡት በዚሁ ምክንያት ነው ብላ እናቴ ትቀልድ ነበር።

የቦዩ አዛዥ በመንደሩ የተመረጡ ሰው ነበሩ፤ የውሃ አባት ይባላሉ። በእኔ ጊዜ የነበሩት ጋሼ ተክሌ ቀጭን፣ ሳል የማይለያቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰምቼ የማላውቅ ሰው ናቸው። እሳቸው የሚያስከብሩት ሕግ አንድ ብቻ ነበር፦ ውሃ የሚታደለው ከግርጌ ጀምሮ ነው። የመጨረሻው ማሳ ሳይጠጣ የመጀመሪያው አይጠጣም። የእኛ ማሳ ከራስጌ፣ ውሃው ከወንዙ በወጣበት ዘንድ ስለነበረ፣ አባቴ አገጩን ዶማው ላይ አሳርፎ ውሃው በአፍንጫው ስር ሲያልፍ ሲመለከት ይውላል። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ቂልነት እቆጥረው ነበር። ውሃው እኛ ደጅ ደርሶ ሳለ ስለምን እሰይድ ቤት ድረስ ይሂድ? በኋላ ስጎለምስ ነው የገባኝ። ግርጌ ሳይጠጣ የሚጠጣ ሰው ከሌለ፣ ቦዩን የሚያቆሽሽ ሰው የራሱን ጉሮሮ ይዘጋል ማለት ነው። ለዘበኛና ለቅጣት የሚወጣ ነገር አልነበረም፤ የሰውን ስስት ራሱን ዘበኛ አድርገው ቀጥረውታል።

የመጀመሪያው ውሃ የሚለቀቅበትን ቀን አልረሳውም። ውሃው ደረቁን ቦይ እየላሰ፣ ከፊቱ ቅጠልና ጉንዳን እየገፋ፣ ቡናማ አረፋ ለብሶ ይመጣል፤ ያ ሽታ ከምድር ይነሳል፤ እኛም ከፊት ከፊቱ እየሮጥን ጭራሮ እየለቀምን መንገድ እንጠርግለታለን። አንዳንዴ ስንጥቅ ውስጥ ይሰወርብንና ቆመን እንጠብቀዋለን፤ ጠጥቶ ሲጠግብ ስንጥቁን ሞልቶ ብቅ ይላል። እነ ሰይድ ዘንድ ስንደርስ የሰይድ አባት ብርቱካኖቻቸው ስር ቆመው ይጠብቁናል። ዛፎቹ ጥቅጥቅ ከማለታቸው የተነሳ ቤታቸው ከውጭ አይታይም ነበር፤ ቆላው ሙቀት ከእኛ ጋር እየሮጠ መጥቶ እዚያ ጥላ ጫፍ ላይ ይቀራል። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ብርቱካን ይሰጡናል። ፍሬውን ዘርዝረን ስንተፋው እንኳ ወደ ቦዩ እንዳይሄድ እናስባለን።

አንድ ዓመት ከራስጌ ያሉ አንድ ሀብታም ገበሬ፣ ስማቸውን አልጠራም፣ የልጅ ልጆቻቸው እዚሁ አሉ፣ የወቁትን የሰሊጥ አገዳ ማቃጠል ታክቷቸው ቦዩ ውስጥ ጣሉት። ውሃው መንገድ ላይ ቆመ። ጋሼ ተክሌ ከሰውየው ጋር አልተጣሉም፣ ሽማግሌም አልላኩም፤ ቦዩ ዳር ካለው ሾላ ስር ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን መቁጠር ቀጠሉ። ለማንም ውሃ አልተከፈተም። በመጨረሻ ሰውየው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጡ።

"ተክሌ፣ ሽንኩርቴ ሊሞት ነው እኮ!"

"ግርጌም ሽንኩርት አለ" አሉ ጋሼ ተክሌ፤ ቀና እንኳ አላሉም።

እኒያ የተከበሩ ሰው ሱሪያቸውን ጠቅልለው ቦዩ ውስጥ ገቡና አገዳቸውን በክንዳቸው እያቀፉ አወጡ። እኛ ልጆች ሾላው ላይ ወጥተን አፋችንን በእጃችን ይዘን ሳቅን፤ ማታ የሳቅንበትን ከየአባታችን አገኘን። ከዚያ በኋላ ግን ቦዩ ውስጥ አገዳ የጣለ አላየሁም።

እኛ ቅዱሳን ነበርን አልልም። የሚጣል ነገር ስላልነበረን ነው ብዙውን ያልጣልነው። ሱቅ የተላከ ልጅ ዘንቢልና ጠርሙስ ይዞ ይሄዳል፤ ስኳሩ የሚመጣው በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ነው። እኔ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል አልነበረኝም፤ ፊደል አንድ መነኩሴ አስቆጠሩኝ፣ ንባብ ያስተማረኝ ግን ያ የስኳር ወረቀት ነው። ስኳሩ ሲገለበጥ ወረቀቱን ቀድሜ እነጥቅና ጣፋጩን እየላስኩ አነባለሁ። ችግሩ ወሬው ሁልጊዜ መሃል ላይ ይቆረጣል፤ የተከሰሰው ሰው ይፈታ ይታሰር፣ ቀሪው የሌላ ሰው ስኳር ተጠቅልሎበት ሄዷል። ዛሬ የልጅ ልጄ ሱቅ ሄዶ ለአንዲት ሎሚ አንድ ፌስታል ይዞ ይመጣል። የሎሚዋን ዕድሜ በቀን ይቆጥሩታል፣ የፌስታሉ ግን እኔንም እሱንም ይቀብራል፤ የሚነበብበት ነገር እንኳ የለውም።

ታዲያ ያ ሥርዓት እንዴት ጠፋ? ጠላት መጥቶ አላፈረሰውም። ልጄ ደረጀ የውሃ ፓምፕ ገዝቶ መጣ፤ መርቄ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ከወንዙ በቀጥታ ስቦ ሽንኩርቱን ሲያጠጣ፣ ተራ መጠበቅ ቀርቶ ሲያልፍለት፣ ደስ አለኝ። ጎረቤቱም ገዛ፣ የጎረቤቱም ጎረቤት ገዛ። ቦዩን የሚፈልገው ሰው ጠፋ፤ ከሰይድና ግርጌ ካሉ ጥቂቶች በቀር። የማይፈለግ ጉድጓድ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። መጀመሪያ አንድ የተቀደደ ጫማ ተጣለበት፤ ከዚያ ጫማዋን ያየ ሰው ሁሉ ተከተለ።

አሁን አሁን ሁሉም ሰው "የአየር ንብረት ለውጥ" የምትል ቃል ከሬዲዮ ተምሯል። በልጉ ሲቀር የአየር ንብረት ለውጥ፤ ሙቀቱ በቆርቆሮው ውስጥ አላስተኛ ሲል የአየር ንብረት ለውጥ። ውሸት ነው አልልም፤ አንብቤያለሁ። ሰማዩን ከእኛ ይልቅ ያሞቁት ፋብሪካቸው የበዛ፣ መኪናቸው የበዛ አገሮች ናቸው፤ በዚህ ልንናደድ ይገባናል። ነገር ግን ያ ሰማይ የሚሰጠን ውሃ ሲያንስ፣ ያነሰውን ለግርጌ እንዳይደርስ ጨርሶ የዘጋው ዳይፐር ከሩቅ አገር ፋብሪካ በነፋስ አልመጣም። ከተራራው ግርጌ ግራሩን ቆርጦ አክስሎ አስፋልት ዳር የደረደረው፣ ከከተማ መጥቶ መኪናው ላይ የጫነውም፣ ሁለቱም ስለ ሙቀቱ ያማርራሉ። እኔም አልቀረሁም። የታሸገ ውሃ ካልቀዘቀዘ አልጠጣም የምል ሽማግሌ ሆኛለሁ፤ ከቦዩ ካወጣኋቸው ፕላስቲኮች ስንቱ የእኔ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

እንግዲህ ዶማዬን ይዤ ጀመርኩ። ጎረቤት ጠራሁ፤ የመጣው ምክር ብቻ ነው። አንዲት ጎረቤቴ ጭራሽ የሞላ ፌስታል አንጠልጥላ ከበላዬ ቆመች።

"ጋሼ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ።"

"ለምን?"

"ይቺን ልጣላት።"

"እየጠረግሁ እያየሽኝ?"

"ታዲያ የት ልጣለው?"

"ቤትሽ አስቀምጪው!"

"ውይ ጋሼ! ቤቴማ ይሸታል።"

ብዙ ተናገርኳት፤ ይዛው ተመለሰች። ስትሄድ ግን ጥያቄዋ ከእኔ ጋር ቀረ። የት ትጣለው? ማንም ቦታ አላሳያትም፤ እኔም የማሳያት አልነበረኝም። ያ ይበልጥ አናደደኝ።

ማክሰኞ ደረጀ እጁን ኪሱ ከትቶ መጣና ዳር ላይ ቆመ። "አባባ፣ ይተዉት። ይሄ የአየር ንብረት ለውጥ ነው፤ በዶማ አይመለስም" አለኝ። መልስ መስጠት አልፈለግሁም፤ በዚህ ዓመት ለእሱ የሰጠሁት ምክር ተሰብስቦ ቢፈስ ሰይድ ዘንድ ይደርስ ነበር። ቦዩ ከአስፋልቱ ስር ወደሚያልፍበት ቱቦ ሄጄ አፉን መቆፈር ጀመርኩ። እዚያ የተጠቀጠቀው ነገር ከሌላው ሁሉ የጠነከረ ነው። ቀይ ቀይ ነው። ስስበው ይለጠጣል እንጂ አይወጣም። ደረጀ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ሽንኩርት የሚሞላበት መረብ ከረጢት ነበር። ያረጀውንና የተቀደደውን ሠራተኞቹ በየምርቱ ቦዩ ውስጥ ሲጥሉት ኖረዋል፤ መረቡም ያገኘውን ሁሉ እያጠመደ ቱቦውን ደፍኖታል።

"የኔ ናቸው" አለ ደረጀ። ጫማውን አወለቀና ገባ።

ያን ቀን እስኪመሽ አብረን ጎተትን፤ ከልጄ ጋር እንዲያ ከሠራሁ ስንት ዘመን እንደሆነ አላስታውስም። ያወጣነውን አስፋልት ዳር ከመርነው፤ የት እንደሚወሰድ ግን ዛሬም አላውቅም፤ እንዳታቃጥሉት ብዬ እየጮህኩ እጠብቀዋለሁ። ደረጀ ፓምፑን አጠፋና ፓምፕ ያላቸውን ጓደኞቹን ለረቡዕ ብቻ እንዲያቆሙ ለመናቸው። አንዳንዶቹ እሺ አሉ። አንዳንዶቹ ሳቁበት።

ረቡዕ ጠዋት ወንዙን በድንጋይና በቅርንጫፍ ጠልፈን ውሃውን ለቀቅነው። እንደ ድሮው አልሮጠም፤ እኔም እንደ ድሮው አልሮጥኩም፤ ሁለታችንም እያዘገምን ወረድን። መሬቱ ዓመታት ስላልጠጣ እያንዳንዱ ስንጥቅ ድርሻውን ሳይወስድ አላሳለፈውም። ከፊት ሮጦ ጭራሮ የሚለቅም አንድ ልጅ አልነበረም። ልጆቹ ከየበሩ ወጥተው "ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ፤ ውሃ በቦይ ሲሄድ አይተው አያውቁም። ከሰዓት በኋላ ሰይድ ማሳ ጫፍ ደረሰና የመጀመሪያውን ረድፍ ዛፎች ስር ስራቸውን አራሰ። ሰይድ "አልሐምዱሊላህ" ብሎ በእጁ መንገድ ይጠርግለት ጀመር። ሁለተኛው ረድፍ ሊደርስ ሲል ቀጠነ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ መሬት ውስጥ ገባ። ከላይ በኩል የፓምፕ ድምፅ ይሰማ ነበር። ማን እንዳስነሳው ልጠይቅ ተነሳሁ፤ ሰይድ ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ።

ሐሙስ ከሰል ነጋዴው ሰዎቹን ይዞ መጣ። እኔም ሄድኩ፤ የገባሁትን ቃል ልክ በዓይኔ ማየት ነበረብኝ። ከማሳው ግርጌ ጀምረው ቆረጡ። እያንዳንዱ ዛፍ ሲወድቅ ከኋላው አንድ ነገር ይገለጣል፤ መጀመሪያ የሰይድ ቤት ቆርቆሮ፣ ቀጥሎ የጎረቤቱ አጥር፣ ቀጥሎ አስፋልቱና የሚያልፉት የጭነት መኪናዎች። ፀሐዩ እስከ ዛሬ ገብቶበት የማያውቀው ደጅ ላይ ገብቶ ቁጭ አለ። ሰዎቹ መጥረቢያቸውን እየሳሉ ወደ መጨረሻው ረድፍ፣ ቦዩ ወደሚገባበት፣ ሲመጡ ሰይድ ተነስቶ ከፊታቸው ቆመ።

"እነዚህን ተዋቸው" አለ ለነጋዴው፤ "ጠጥተዋል።"