የጋሼ ደሴ ሙሾ

ከጎረቤት ግድግዳ አልፎ የቴሌቪዥን ጩኸት በመጣብኝ ቁጥር፣ ከጫጫታው በታች ሌላ ድምፅ ይሰማኛል፤ አክስቴ ያምሮት ጉሮሮዋን ስትጠርግ። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ስትሆን በእስቴ ገጠር እሷን የሚያህል አልቃሽ አልነበረም። ሰው ሲሞት መጀመሪያ ወደ ቄሱ፣ ቀጥሎ ወደ እሷ ይላክ ነበር፤ ሙሾ ከማውረዷ በፊት ጉሮሮዋን ስትጠርግም ለቅሶተኛው ሁሉ ጸጥ ይል ነበር። ዛሬ ቴሌቪዥን ፊትም ሰው ጸጥ ይላል፣ ግን እሱ መፍዘዝ ነው።

ክረምት ክረምት፣ ብርዱ ሽማግሎቹን ሲለቅም፣ ገሳዋን ደርባ ጭቃውን እየረገጠች ቤታችን ትመጣ ነበር፤ እናቴ የመንደሩን ሰው ጓዳ ጎድጓዳ ታውቅ ነበርና። ከምሰሶው አጠገብ ያለው መደብ የእሷ ነበር። እዚያ ተቀምጣ፣ እግሯን ወደ እሳቱ ዘርግታ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ስለ ሟቹ ትጠይቅ ነበር፤ ምን ይወድ እንደነበር፣ ከማን ተኳርፎ ከማን እንደታረቀ፣ በሬዎቹን ምን ብሎ እንደሚጠራቸው። ጎረቤታችን ጋሼ ደሴ የሞቱ ጊዜ እናቴ የሰውዬውን በሬዎች፣ የዳልቻንና የቦራን ነገር አንድ በአንድ ስትነግራት፣ እኔ በልጅ አፌ ጣልቃ ገብቼ «ዝም ብለሽ ጀግናው አትዪም?» አልኋት።

«ጀግናው ካልሁማ ማንን አልሁ? አገሩ ሁሉ ጀግና ነው» አለችኝ ቆጣ ብላ። «ሰው በራሱ ነው የሚለቀስለት።»

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለው ሜዳ ቆማ፣

«ዳልቻና ቦራው ቆመው ያያሉ፣
ደሴ ጌታችን የት ገባ እያሉ»

ስትል፣ ከጋሼ ደሴ ጋር በድንበር ተጣልተው የኖሩት ሰውዬ እንኳ ደረታቸውን ሲደቁ አየሁ። የአጎቴ ልጅ ሞላ ግን ከመካነ ኢየሱስ አዲስ ስልክ ይዞ መጥቶ ስለነበር፣ ማልቀሱን ትቶ ሙሾውን ሲቀርጽ ዋለ፤ ከቀብር መልስም ሰዉ ሟቹን ረስቶ በሞላ ስልክ ዙሪያ ተኮለኮለ።

ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ፣ መብራትም ለመንደራችን በገባ በዚያው ዓመት፣ አባቴ ቴሌቪዥን ገዛ። ከከተማ እስከ ቤታችን እንደ አራስ ልጅ በጋቢ ተጠቅልሎ መጣ። ለጌትየው የሚመጥን ቦታ ሲፈለግ ከአክስቴ መደብ የተሻለ አልተገኘም፤ እናቴም እኔ ለዓመት በዓል እንኳ ለብሼው የማላውቀውን ዓይነት ጥልፍ ሠርታ አለበሰችው። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ፣ አንዳንዱም ደጃፉ ላይ ጫማውን እያወለቀ፣ አፉን ከፍቶ ይመለከተው ነበር። አክስቴ በር ሥር በርጩማ ተሰጣት።

በሚቀጥለው ክረምት እንደ ልማዷ ገሳዋን ደርባ መጣች። ያን ሰሞን የሞተችው ብርቄ፣ እናቴ ቡና ስትጠራት የኖረች ጎረቤታችን ነበረች። እናቴ ግን በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች በአማርኛ የተለበጠ የባሕር ማዶ ድራማ ትመለከት ነበር።

«እትዬ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፣ አሁን ልታገኘው ነው» አለቻት።

«ማን ማንን?»

«ልጅቱ ባሏን።»

አክስቴ በቴሌቪዥኑ መስታወት ውስጥ ያለችውን ሴትዮ ትክ ብላ አየችና «ይችስ የማን ልጅ ናት?» ስትል ጠየቀች።

«የባሕር ማዶ ሰው ናት።»

«ታዲያ አንቺን ማን ጠራሽ?»

እናቴ አልሰማቻትም። ለብርቄ የወረደው ሙሾ አጭር ነበር፤ ለአክስቴ ስለ ሟቿ የነገራት ሰው አልነበረምና። ከዚያ ወዲህ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ቤታችን መምጣቷ እየቀረ ሄደ፣ ሰዉም ለቅሶ ቤት ሄዶ አንገቱን ስልኩ ላይ መድፋት ለመደ። አንገት መድፋቱ ከሩቅ ሲያዩት ሐዘን ይመስላል፤ አለመሆኑን የሚያውቀው አጠገቡ ተቀምጦ ሲስቅ የሰማው ነው።

አክስቴ ባለፈው መስከረም አረፈች። ከምሠራበት ከደብረ ታቦር ደርሼ ለቅሶው ሜዳ ላይ ስገኝ፣ አሁን የሞባይል ቤት ባለቤት የሆነው ሞላ ቁመቱን የሚያህል ድምፅ ማጉያ አቁሞ ሽቦ ሲቀጥል አገኘሁት። «ራሷ ለራሷ ታልቅስ፣ ከሷ የተሻለ ማን አለ?» አለኝ፣ ትልቅ ነገር እንደሠራ ሰው ፈገግ ብሎ። ማጉያው አንቋረረና ያ የማውቀው ጉሮሮ መጥረግ ሜዳውን ሞላው። ቀጥሎ የመጣው ግን ዳልቻና ቦራው ነበር።

«ሞላ፣ ይኸ እኮ የጋሼ ደሴ ነው» አልሁት።

«ማን ልብ ይላል?»

እውነቱን ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ በሬ የሚባል ኖሯት የማያውቅ ሴት በሌላ ሰው በሬ፣ በሌላ ሰው ስም ሲለቀስላት፣ ግማሹ ደረቱን ይደቃል፣ ግማሹ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል፤ ደሴ የሚለው ስም ሜዳውን ሲያናውጠው ቀና ያለ አልነበረም። እናቴ ብቻ ተነሥታ በቀጭን ድምፅዋ «ያምሮት፣ ገሳሽን ለብሰሽ...» ብላ ጀመረች። ማጉያው ዋጣት። ያን ያህል ተናድጄ አላውቅም፤ ሞላን ብቻ ሳይሆን ያን ሁሉ ሕዝብ ናቅሁት።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ክንዴን ይዛ «ለእኔስ የማንን ሙሾ ያወጡልኝ ይሆን?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ለበዓልም ለዕረፍትም ወደ እስቴ በሄድሁ ቁጥር፣ አክስቴ በተሰጣት በርጩማ ላይ በር ሥር እቀመጥና እናቴን እጠይቃታለሁ፤ በልጅነቷ ምን ትወድ እንደነበር፣ ማን ምን ብሎ ይጠራት እንደነበር። ቴሌቪዥኑ አሁን ከምሰሶው እስከ ጓዳው በር ያለውን ግድግዳ ይዞታል። እናቴ ፊቷን ሳትመልስ «ቆይ፣ ይሄ ይለቅ» ትለኛለች። ያኔ አክስቴ የምትጠይቀው ዝናቡ እስኪያባራ ነበር፤ እኔ ድራማው እስኪያልቅ እጠብቃለሁ፣ አንዱ ሲያልቅ ደግሞ ሌላው ይጀምራል።