አዴ ዲራሙ ከወንዶቹ መካከል የተቀመጡ ቀን

ልጅ ሳለሁ፣ ነገሌ ውስጥ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ እኔና እህቶቼ በኦሮምኛ በአክብሮት «አዴ» ወደምንላቸው ጎረቤታችን ወደ አዴ ዲራሙ ግቢ እንሮጥ ነበር። አዴ ዲራሙ ባላቸው የሞቱባቸው ወተት ነጋዴ ነበሩ። የወተት ዕቃቸውን በፍም ሲያጥኑ ጢሱ ዓይናችንን እየለበለበን፣ በፋኖሱ ብርሃን ፊታቸውን እያየን፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ ተረት ያወሩልናል። አብዝተው የሚያወሩልን ወንድሞቿ ከብት ሲካፈሉ ባዶ እጇን ስለተሸኘች ልጅ ነበር። ልጅቱ በየመንገዱ የምታገኘውን ሰው ሁሉ ስሙን በልቧ እየያዘች ትሄዳለች።

ያኔ ታሪኩ የራሳቸው መሆኑን አላወቅሁም። ባላቸው ሲሞቱ የባላቸው ወንድም ኦቦ ጃርሶ «ከብት የወንድ ነው» ብለው ላሞቹን በሙሉ ነድተውባቸው ነበር።

አንድ ዓመት ዝናቡ ቀረ። የኦቦ ጃርሶ ከብቶች በየቀኑ ይወድቁ ጀመር፤ ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ቢመክሩም መላ አጡ። አንድ ምሽት ኦቦ ጃርሶ ራሳቸው መጡ። ሁልጊዜ «አንቺ» ሲሏቸው የሰማኋቸው ሰው አንገታቸውን ደፍተው ሰላምታ ሰጡና፣

«ናጋ፣ አዴ። አንቱ ሰው ያውቃሉ። ከብቱ ሊያልቅብን ነው» አሉ።

አዴ ዲራሙ ፍሙን ቆሰቆሱ። ያባርሯቸዋል ብዬ ነበር።

«የተረፉትን ወደ ወደራ ይንዷቸው» አሉ። «ወተት የምትልክልኝ ሴት ሳር አላት፤ ስሜን ይንገሯት። ሲዘንብ ግን የላሞቼ ነገር በሽማግሌ ፊት ይታያል። እኔም አብሬ እቀመጣለሁ።»

በማግስቱ በመኪና ሾፌሮች መልእክት ላኩ። እስከ ሞያሌ ድረስ ወተት የሚቀባበሉ ሴቶች ሳር ያለበትን እየጠቆሙ ከብቶቹን አስጠጉ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ የእኚያ ጥጃ እንኳ የሌላቸው ሴት ቃል ያን ሁሉ አገር ያዝዝ ነበር!

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሶሲዮሎጂ ስማር፣ መምህራችን ካፒታል ማለት ገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሰው ማወቅም እውቀትም መከበርም ካፒታል እንደሆነ፣ ሴቶች ግን ያካበቱትን ወደ ንብረትና ሥልጣን የሚለውጡበት በር ብዙ ጊዜ እንደሚዘጋባቸው አስረዱን። እኔ ያን በር ሲከፈት አይቼዋለሁ። ዝናቡ ሲመጣ አዴ ዲራሙ ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀመጡ፤ ከተረፉት ላሞችም እኩሌታው ተመለሰላቸው።

ከዚያ ቀን አልረሳ ያለኝ ግን እጃቸው ነው። ለመናገር ሲነሡ የነጠላቸውን ጫፍ ጨምድዶ ይዞ ነበር። ስማቸው ብቻ አገር ያንቀሳቀሰ ሴት በወንዶች ፊት አፍ ለመክፈት ፈሩ፤ እየፈሩም ተናገሩ።