ጓዝ ማስቀመጫዋ የቆርቆሮ ክፍል

ወይዘሮ ጌታነሽ ጓሳ አጠገብ ባለ መንደር በበግ ጠጉር ፈትላቸው የታወቁ ሴት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ፣ በአንዱ ክረምት ቁልቁለቱ ላይ የነበረው ቤታቸው ከነግድግዳው ተንዶ ሄደ። ልጅ የላቸውም፤ ዘመድም እንግዳ ሲከርምበት ፊቱ ይጠቁራል። ብርድ ልብሳቸውን፣ ድስታቸውንና እንዝርታቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው መሐል ሜዳ ከተማ ወረዱ።

ማደሪያቸው የቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ሆነ። ቀን ቀን ሥራ ይጠይቃሉ። ሰው ግን መጀመሪያ የሚያየው ጀርባቸው ላይ ያለውን ከረጢት ነው፤ ቤት እንደሌላቸው ያውቅና በሩን ይዘጋል። አንድ ጠዋት ከረጢቱን ዛፍ ሥር ትተው ሄዱ። ሲመለሱ ብርድ ልብሱ የለም። ከዚያ ወዲያ ከጓዛቸው ተለይተው አያውቁም።

ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የሚሠራ ምንይሉ የሚባል ሰው ፈትላቸውን አይቶ ወዶት ነበር። ሕዝብ ውሃ የሚቀዳበት ቦኖ አጠገብ አገኛቸውና፣ "እትዬ ጌታነሽ፣ ጠጉሬን ሰጥቼዎት ዝናብ ቢመታው ምን ይዋጠኝ? ስፈልግዎትስ የት አገኝዎታለሁ?" አላቸው።

ከረጢታቸውን ከፍ አድርገው ለመሄድ ዞሩ።

ቦኖው ላይ ውሃ የምታስቀዳው የትምወርቅ ትሰማ ነበር። "ያቺ ከቦኖው ጎን ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ከባዶ ጀሪካን በቀር ምንም የለባትም። ጓዝዎን እዚያ ያኑሩ፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ጠዋት ሰው ሳይበዛ ገላዎንም እዚያው ይታጠቡ" አለቻቸው። ወደ ምንይሉም ዞራ፣ "ስትፈልጋቸው እኔን ጠይቀኝ" አለችው።

ከውሃ ቀጂዎቹ አንዷ፣ "ቅማል ልታራቢብን ነው?" ስትል አጉረመረመች።

"ቅማልማ የሚራባው መታጠቢያ ሲጠፋ ነው" አለችና የትምወርቅ ጀሪካኗን ሞላችላት።

ወይዘሮ ጌታነሽ በማግስቱ ባዶ እጃቸውን ገበያ ገቡ። "የሆነ ነገር የጣልኩ እየመሰለኝ ስንቴ ዞርኩ" ይላሉ ሲያወሩት።

የምንይሉን ጠጉር እዚያው ክፍሉ በራፍ ፀሐይ እየሞቁ ፈተሉለት፤ ሌሎችም አመጡላቸው። ውሎ አድሮ፣ ደጀ ሰላም አብራቸው ታድር ከነበረች ዘነበች ከምትባል ሴት ጋር አንድ ክፍል ተከራዩ። ጣሪያው ያፈሳል፤ ዘነበችም ኩርፊያ ታበዛለች። ቢሆንም በር ዘግተው ይተኛሉ።

ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ግን ሌሎች ቤት አልባዎችም ጓዛቸውን አመጡ። ስትጠብባቸው ምንይሉ ከባሕር ዛፍ መደርደሪያ ሠራላቸው። ከእነሱ አንዱ ጋቢውን አስቀምጦ ከሄደ ሰነበተ። ቦታው ለሌላ ይሰጥ ሲሏት የትምወርቅ፣ "ይመጣል" ትላለች፤ ማንንም አታስነካም።