ሳጥኑ እዚሁ ቀረ

«ሳጥኑን አትመልሱም» አለን ቲቸር።

ጠዋት ሰልፍ ላይ ነበርን። ባንዲራው ተሰቅሎ ወደ ክፍል ልንገባ ስንል ስልኩን እንደጨበጠ በመደዳችን መሀል መጣ፤ ይህችኑ ተናገረና ፊቱን አዙሮ ወደ ቢሮው ሄደ። ሲሄድ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ሲጠርግ አይተነዋል። የሮቦት ቡድናችን የውድድሩን ማጣሪያ አለፈ ማለት ነው። ሳጥኑ ሰቆጣ ቀረ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ እዘላለሁ ብዬ አስብ ነበር። አልዘለልኩም። እዚያው ሰልፉ መሀል መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ልጆቹ «አመማት» ብለው ውሃ ሊያመጡ ሲሮጡ እኔ እስቅ ነበር። ያን ያህል ደክሞኝ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው።

ስለ ሳጥኑ ልንገራችሁ። ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳጥን ነው፤ አምና በመኪና ተጭኖ መጣልን። ውስጡ ጎማ፣ ሞተር፣ ሽቦ፣ ባትሪ፣ ብሎንና መሬት ላይ ያለ ጥቁር መስመር የሚያይ ትንሽ ዓይን አለ። የተሰጠን ግን በውሰት ነበር። ያመጡት ሰዎች ገና ሲያወርዱት ነግረውናል፤ ማጣሪያውን ካለፋችሁ የእናንተ ይሆናል፣ ካላለፋችሁ ለሌላ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዷን ብሎን የምንነካት የሰው ዕቃ እንደሚነካ እየተሳቀቅን ነበር። ታናናሾቻችን በመስኮት ሲያዩን «ሂዱ፣ አንድ ነገር ቢጠፋ ማን ሊመልስ ነው?» ብለን በሩን እንዘጋለን።

ቡድኑ ሦስት ሰው ነው። ሮቦቷ ምን እንደምታደርግ በኮምፒውተር ትእዛዝ የምጽፍላት እኔ ነኝ። የምትገጣጥመው ጎረቤቴ ናት፤ የቄስ ልጅ። ሦስተኛው ከአምደወርቅ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነው፤ ባትሪና ሽቦ የሱ ድርሻ ነው። ሁለቱ ሲጣሉ በኽምጣኛ ነው የሚጣሉት። እኔ ግማሹን ብቻ ስለምሰማ ሁልጊዜ ከሁለቱም ጋር እስማማለሁ።

ሥራው በወሬ ቀላል ነው። ሮቦቷ ጥቁሩን መስመር ተከትላ ትሄዳለች፤ መስመሩ ሲያልቅ ባዶ ጣሳ ታገኛለች፤ ጣሳውን እየገፋች ወስዳ ክብ ውስጥ ታቆማለች። በቃ። ለዚህች «በቃ» ዓመት ሊሞላን ምንም አልቀረንም ነበር። ከትምህርት በኋላ እንገናኛለን፤ መብራት ካለ እንሠራለን፤ ከሌለ መብራት እንጠብቃለን። ከመሥራቱ ይልቅ የሚያደክመው መጠበቁ ነው። ባትሪውን ስንሰካ ቻርጀሩ ላይ ቀይ መብራት ትበራለች፤ ተመስገን ብለን ሳንጨርስ መብራት ይሄዳል። በተገኘችው እንሠራለን። ሮቦቷ ጣሳውን ይዛ ክቡ ሳትደርስ ትቆማለች። እኔ ትእዛዙ ላይ ጣሳውን የምትገፋበትን ሰከንድ እጨምራለሁ፤ አሁንም ሳትደርስ ትቆማለች፤ ደግሞ እጨምራለሁ። አንድ ቀን ጣሳውን ክቡ መሀል ቁጭ አደረገችው። ከዚያ ወዲያ የአምደወርቁ ልጅ «የሚሠራ ነገር አይነካም» ብሎ አወጀ፤ እኔም አልነካሁትም። ቤት ስገባ ጀሪካኑ በር ላይ ይጠብቀኛል። ከቦኖው ወረፋ ስመለስ ደብተር ገልጬ ቁጭ እንዳልኩ እንቅልፍ ይወስደኛል።

በዚህ ላይ በዓላቱ አሉ። ማጣሪያው ሊደርስ ሲል አንድ ቀን የቄሱ ልጅ መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ዛሬ ሚካኤል ነው። ብሎን አልፈታም።»

«ሚካኤል ብሎን ያውቃል?» አለ የአምደወርቁ።

«አንተን ያውቅሃል። እሱ ይበቃዋል።»

ክርክሩ አላልቅ ሲል አባቷ ዘንድ ሄድን። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው።

«መሣሪያ ይነሣል?» ብለው ጠየቁን።

«አዎ አባ፣ መፍቻ አለ» አልኩ እኔ።

«መፍቻ ካለማ ሥራ ነው።»

«ማሰብስ አባ? እንደው ተቀምጦ ማሰብ?»

«ማሰብማ በበዓል ነው የሚያምረው። በአዘቦቱ ቀን ለማሰብ ማን ጊዜ አለው?»

ከዚያ በኋላ በበዓል ቀን መሣሪያ አንነካም። ግቢው ውስጥ አፈሩ ላይ መስመርና ክብ በእግራችን እንሠራለን፤ ከመካከላችን አንዱ ሮቦት ይሆናል፤ እኔ የጻፍኩትን ትእዛዝ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ሮቦት የሆነው ሰው ያልተባለውን ማድረግ አይችልም። የአምደወርቁ ልጅ ሮቦት ሲሆን ቁም ማለት ስለረሳሁ ከዛፍ ጋር ተጋጭቷል፤ አውቆ ነው።

አንድ ቀን፣ የበዓሉ ቀን ዓርብ ላይ ውሎ ነበር፣ ሮቦቷ የቄሱ ልጅ ናት።

«ሦስት እስክቆጥር ቀጥ ብለሽ ሂጂ» አልኳት።

ቆጠርኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች።

«ባትሪዋ አልቋል» አለ የአምደወርቁ።

«ጾሜን ነኝ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ስበላ ና፤ ያኔ አጥሩን አልፌ እሄድልሃለሁ።» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ደግሞ ቁጥር አትቁጠሪብኝ። የት እንደምቆም ንገሪኝ።»

ሳቅን። ስቀን ተውነው።

ማጣሪያው ባሕር ዳር ነበር። የመንገዱን ነገር አላወራም፤ ወገቤ አሁንም ያወራዋል። መንገድ አድረን፣ አቧራችንን እንደለበስን ደረስንና በተሰጠን ማደሪያ ባትሪውን ሰክተን እንደ ግንድ ተኛን። ጠዋት የአምደወርቁ ልጅ ፊቱ ጠቁሮ በራችንን አንኳኳ።

«ቻርጀሩ ተበላሽቷል» አለን። «መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል።»

ከኋላው የመጣው ቲቸር ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጠው። አረንጓዴ ማለት ባትሪው ሞልቷል ማለት ነበር። ሰቆጣ አንድ ቀን እንኳ ሞልቶልን ስለማያውቅ እንዲህ ያለ ቀለም እንዳለው አናውቅም ነበር።

ሁለት ሙከራ ነው የሚፈቀደው፤ ከሁለቱ የተሻለው ይያዛል። በመጀመሪያው ሮቦቷ መስመሩን በሩጫ ጨረሰችው፤ ጣሳውን እንደ ኳስ መታችው፤ ክቡን አልፋ ከጠረጴዛው ወደቀች። የአምደወርቁ ልጅ በጃኬቱ ቀለባት። አጠገባችን የቆመች ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣች ልጅ «ምን አብልታችኋት ነው?» አለች። ሰዉ ሳቀ። ቲቸር ወደ ጠረጴዛው መቅረብ ስለማይፈቀድለት ከገመዱ ማዶ አፉን በእጁ ይዞ ቆሟል። እኔ የታየኝ ሰማያዊው ሳጥን ነው፤ መኪና ላይ ሲጫን።

«እናድክማት» አለ የአምደወርቁ። ሮቦቷን ገልብጦ ጎማዎቿን አየር ላይ ማሽከርከር ጀመረ። «ባትሪው ይውረድ። እንደ ቤታችን ትሁን።»

ያኔ ገባኝ። እኛ ደክሞን ያስተማርናት እሷም ደክሟት ነው። ሰከንዶቹን ሁሉ የለካሁት በደከመች ሮቦት ነበር። ጠግባ ስታድር ራሷን አላወቀችም።

«ተወው» አለችው የቄሱ ልጅ። ለኔ ደግሞ ቀስ ብላ፣ «የት እንደምትቆም ንገሪያት» አለችኝ።

ሞተሩ ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ መቁጠር ይችላል። ይህንን መጀመሪያውኑ አንብቤ ነበር፤ የሚሠራ ነገር አይነካም ስለተባለ ግን ሞክሬው አላውቅም። ሰከንዱን አጠፋሁ። የቄሱ ልጅ ጎማውን ጠረጴዛው ላይ ከጣሳው እስከ ክቡ በእጇ ቀስ እያለች አንከባለለች፤ እኔ ዙሩን ጻፍኩ። ፍጥነቱንም ቀነስኩት። በጥድፊያ አንዱን ትእዛዝ ሁለቴ ጽፌ አጠፋሁ። ተራችን ተጠራ።

ሮቦቷ ሄደች። ጣሳውን አገኘች፤ ገፋች፤ ቆመች። ጣሳው ክቡ ውስጥ ነው፤ ጠርዙ ግን መስመሩን የነካ ይመስላል። ዳኛው በርከክ ብሎ በአንድ ዓይኑ አየ። ጻፈና ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈ። ውጤቱ በስልክ ይነገራችኋል ተባልን።

በመኪና ተመለስን። ሳጥኑ እግራችን ሥር ነበር። የቄሱ ልጅ እግሯን ክዳኑ ላይ አድርጋ ተኛች፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እንቆጣት ነበር። ከዚያ ወዲያ የቲቸር ስልክ በጮኸ ቁጥር እኛም አብረነው እንደነግጥ ነበር፤ እስከዚያች ጠዋት ሰልፍ ድረስ።

አሁን ይህንን ስጽፍ ሳጥኑ አጠገቤ ነው። ክዳኑ ተከፍቷል። ቀጣዩ ውድድር ሩቅ አይደለም፤ ያው መብራት፣ ያው ወረፋ፣ ያው መንገድ ይጠብቀናል። ሳስበው ከወዲሁ ይደክመኛል። ግን የሰው ዕቃ ስለሆነ ነበር በሩን የምንዘጋው፤ አሁን የሰው አይደለም።

እንግዲህ በመስኮት ታዩን የነበራችሁ፣ በበሩ ግቡ። ከሰቆጣ ዙሪያ፣ ከሰሃላም ለገበያም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ የምትመጡ፣ በተለይ ሴቶች፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ እዚህ ነን፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለችው ክፍል ናት። ኮምፒውተር ነክታችሁ ባታውቁም ኑ። መብራት ከሌለ አብረን እንጠብቃለን። የመጣችሁት በበዓል ቀን ከሆነ መፍቻ አንሰጣችሁም፤ ሮቦት ትሆናላችሁ። ጾማችሁም ሆነ በልታችሁ ኑ፤ የት እንደምትቆሙ እንነግራችኋለን።