የግራ ትከሻዬና የእማዬ ስፖንጅ

ባለፈው ሳምንት ሆዳን በሚባለው የጅቡቲ ሠፈር ወዳለች አንዲት ልብስ ሰፊ ሄጄ ነበር። የእህቴ ልጅ ልታገባ ነው፤ አክስት ደግሞ ያለ አዲስ ቀሚስ ሠርግ አትሄድም። ሰፊዋ ከድሬዳዋ የመጣች ሳቂታ ወጣት ናት። ሜትሯን ከአንዱ ትከሻዬ ወደ ሌላው ስትዘረጋ ቆም አለችና፣ «እትዬ፣ የግራው ትንሽ ዝቅ ይላል። ስፖንጅ ላድርግበት? ማንም አያውቅብዎትም» አለችኝ በሹክሹክታ። ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቷ ደነገጠች። እኔ ግን በሐሳቤ ካደግኩበት ሠፈር ከካርቲዬ ዶ ገብቼ፣ እማዬ የስፌት መኪና ፊት ቆሜ ነበር።

እማዬ በሠፈራችን ስሟ የተጠራ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ አባቴ ደግሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ። በአፍላ ዕድሜዬ ጀርባዬ ወደ ጎን መጣመም ጀመረ። ሐኪሙ «ስኮሊዮሲስ ይባላል» ብሎ ፊዚዮቴራፒ አዘዘልኝ። እማዬ ግን «ደግሞ ጂምናስቲክ አጥንት ያቀናል እንዴ?» ብላ መቀሷን አነሣች። የግራ ትከሻዬ ዝቅ ስላለ ከቀሚሴ ውስጥ ስፖንጅ ትሰፋበታለች፤ ጫፉንም በግራ በኩል አሳጥራ ትቆርጠዋለች። ስለብሰው ልክክ ይላል። «ገበናሽን እኔ እሸፍንልሻለሁ» ትለኝ ነበር። ከፍቅሯ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ያቺን ስፖንጅ እንዴት እንደምጠላት! በጅቡቲ ሙቀት ላቤን ጠጥታ ጠጥታ ትከብደኛለች።

እንዲህ እያልን ታላቅ እህቴ ሰላም ታጨች። ሚዜዎቿ እጅጌ የሌለው፣ ሰውነት ላይ ልጥፍ የሚል ሮዝ ሳቲን እንዲለብሱ ወሰነች። እማዬ ጨርቁን አገላብጣ አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«አንቺ ከእንግዶች ጋር ትቀመጫለሽ» አለች።

«ለምን?»

«ስፖንጁን የት ላድርገው፣ የኔ ልጅ? ሰው ምን ይላል?»

ያን ዕለት ያለቀስኩት ልቅሶ! ያለችኝ አንድ እህት፣ እኔ ከሩቅ እንግዳ ሆኜ ላጨበጭብላት? ምን ሲደረግ! በማግስቱ እልህ ያዘኝ፤ አባቴን ጎትቼ ወደ ሕክምናው ሄድኩ።

እዚህ አገር ፊዚዮቴራፒስቱን «ኪኔ» ነው የምንለው። የእኔዋ ኪኔ ማዳም ፋዱማ የምትባል፣ ድምፀ ጎርናና ሶማሌ ነበረች፤ ስትቆጣ በፈረንሳይኛ፣ ስታዝን በሶማሊኛ፣ እኔን ስታባብል ደግሞ በምታውቃት ጥቂት አማርኛ። ገና በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «አልዋሽሽም፣ አጥንትሽን እንደ ክር ቀጥ አላደርገውም። እንዳይብስ ግን እንታገለዋለን፤ አቋምሽም ይለወጣል። ሥራው ያንቺ ነው።»

ሥራ ስትል እውነትም ሥራ! በጎኔ ታስተኛኝና ከሥሬ ሩዝ የሞላበት ከረጢት ትሸጉጣለች። «ወደ ጎደለው ጎንሽ ተንፍሺ!» ትላለች። ኧረ እባክሽ፣ ትንፋሽ ደግሞ በዚህ ሂድ፣ በዚያ ሂድ ይባላል? ለካስ ይባላል። መስታወት ፊት ቆሜ ትከሻዬን እያየሁ፣ የተጨመደደውን የግራ ጎኔን በትንፋሽ ቀስ በቀስ መንፋት ተማርኩ። አባቴ የቤታችን በር ላይ የብረት ዘንግ ገጠመልኝ፤ ጠዋት ጠዋት እሱ ላይ እንጠለጠላለሁ። እማዬ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች በጎን ታየኛለች።

ካምሲን የሚሉት ያ እሳት ነፋስ አሸዋውን ፊቴ ላይ እየበተነ፣ ሬንጁ ከጫማዬ ሥር እየቀለጠ ወደ ማዳም ፋዱማ ተመላለስኩ። ስመለስ አባቴ ከየመኖቹ ዘንድ የዓሣ ሳምቡሳ ይገዛልኛል፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣመኝ ሳምቡሳ የለም። ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ሠርጉም ሲቃረብ፣ ያ እሑድ መጣ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት ጎረቤታችን እማዬን በክርኗ ነካ አደረገቻት። «ምነው እትዬ ጽጌ፣ መቀስሽ ሳተ እንዴ? የልጅሽ ቀሚስ እኮ ዘሟል!»

የእማዬ ፊት በርበሬ መሰለ። ስፌቷን ከሚነኩባት እሷን ቢሰድቧት ይሻላታል። እየጎተተች ቤት አስገባችኝና አቆመችኝ። እውነትም ጫፉ በግራ ሽቅብ ወጥቷል፤ ስፖንጁም ትከሻዬ ላይ ጉብ ብሏል። ለካችኝ። ደግማ ለካችኝ።

«ቀሚሱ አይደለም» አለች። «አንቺ ነሽ! ልጄ፣ አንቺ ነሽ የቀናሽው!»

ምላጭ አንሥታ ስፖንጁን ተረተረችው። ወርውራው ብቻዋን እልል አለች። እንባዋን በሜትሯ ጫፍ እየጠረገች፣ «በይ ሳቲኑን አምጪው» አለችኝ።

በሠርጉ ዕለት ትከሻዬን ራቁቱን አውጥቼ ከእህቴ ጎን፣ ከሁሉ ፊት ቆምኩ። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እማዬ ደግሞ ያገኘችውን እንግዳ ሁሉ ወደ እኔ እየጎተተች፣ «ንኩት እስቲ፣ ምንም የለበትም! በልኳ ነው የሰፋሁት!» ስትል አመሸች።

ማዳም ፋዱማ እንዳለችው አጥንቴ ክር አልሆነም። ዛሬም ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ እንጠለጠላለሁ፤ ባለቤቴ «ዝንጀሮዋ ተነሣች» ይለኛል። ስደክም ትከሻዬ ዝቅ ይላል፤ ወደ ጎደለው ጎኔ እተነፍሳለሁ፤ ይነሣል። ያኔ ያሸነፍኩት ጀርባዬን ብቻ አልነበረም፤ «ሰው ምን ይላል»ንም ጭምር ነው። እማዬም አብራኝ አሸነፈችው።

ልብስ ሰፊዋ ልጅ ሜትሯን እንደያዘች ትጠብቀኛለች። «ታዲያ ስፖንጁን ምን ላድርግ፣ እትዬ?»

«ተይው፣ ልጄ» አልኳት። «እጅጌውንም ቁረጪልኝ።»