ካንዴላው ፈረስ

ዛሬም ብረት እንጨት ሲመታ፣ ቀስ ብሎ ጠቅ፣ ጠቅ ሲል ከሰማሁ፣ ባለሁበት ቆሜ ከኋላው የሚመጣውን ሌላ ድምፅ እጠብቃለሁ። የታላቅ ወንድሜን የነቢልን ትንፋሽ። የሰፈራችን ቼዝ አንዱ ጥቁር ፈረስ ጠፍቶ ስለነበር፣ ባጃጅ ነጂው ነቢል ያረጀ የሞተር ካንዴላ በቦታው አቁሞ ይጫወት ነበር፤ ሲያስብም በዚያው ካንዴላ የሰሌዳውን ጠርዝ ይመታ ነበር። ሌላው ሰው የሚሰማው ብረቱን ነው። እኔ አጠገቡ ስለምቀመጥ ደረቱ ሲያፏጭም እሰማ ነበር።

ልጅ ሳለ ቶንሲል እየደጋገመ አሞት፣ ቶንሲሉ ሲተወው ጉልበቱ አብጦ፣ ጉልበቱ ሲሻለው ደግሞ በሽታው ልቡን ነካው አሉን። ሐኪሙ በየወሩ መርፌ አዘዘለት፣ አንድም ወር እንዳይዘለል ብሎ። እናታችን ኡሚ ማንበብ ስለማትችል የቀጠሮ ካርዱን ለእኔ ሰጥታ፣ «ሙራዴ፣ የምትወስደው አንተ ነህ። እሱን አላምነውም» ትለኝ ነበር። አሥር ዓመቴ ነበር። በታኅሣሥና በጥር፣ ድሬዳዋ ትንሽ ቀዝቀዝ ስትል፣ ካርዱን በኪሴ ይዤ እስከ መጋላ ጤና ጣቢያ ድረስ እወስደው ነበር። ማለቴ፣ እሱ በባጃጁ እየወሰደኝ። ያኔ አንድም ወር አላለፈንም።

ግንቦት ገብቶ አስፋልቱ ጫማ ሲይዝ፣ በአንዱ የቀጠሮ ቀን ጋሽ ታደለን ከኒሙ ዛፍ ሥር ሰሌዳውን ዘርግቶ አገኘነው። ጋሽ ታደለ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ሁልጊዜ ነጩን ይዞ፣ ከሁሉ በፊት በንጉሡ በኩል ካለው ፈረስ ፊት የቆመውን ወታደር ሁለት ቤት ይገፋል። ማንም እንዲህ አይጀምርም። እሱ ግን «ቀልቃላዋ» እያለ ይጠራትና የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በእሷ ግራ አጋብቶ ይረታ ነበር።

«አንተ ነቢል፣ በጎን ማለፍ ጀመርክ? ፈራህ እንዴ?»

«አቦ ማንን ነው የምፈራው? ዛሬም በቀልቃላዋ ትመጣለህ?»

«ሌላ አላውቅም። አንተ ብቻ ቁጭ በል።»

እጅጌውን ጎተትኩ። «ነቢል፣ ካርዱ...»

«አንዲት ጨዋታ። ጤና ጣቢያው የትም አይሄድ።»

መርፌውን ይጠላው ነበር፤ ሁለት ቀን እያነከሰ ነው የሚሄደው። ተቀመጠ።

ጋሽ ታደለ ወታደሩን ገፋ። ነቢል ምንም ሳያስብ የዳር ወታደሩን ሁለት ቤት ገፍቶ በሰያፍ ገተረለት። ጋሽ ታደለ በላው፣ የነቢል ግንብ መልሶ በላና በተከፈተው መስመር ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ነቢል ወደ ኋላ አላየም። ሰው ተሰበሰበ። ካንዴላውን አንስቶ ንጉሡ አፍንጫ ሥር ሲያስቀምጠው አንዱ ባጃጅ ነጂ «ኧረ ፈረስህን በነፃ!» ብሎ ጮኸ። ጋሽ ታደለ በላው። ያኔ ንግሥቷ ገባች፣ ግንቡ ከኋላዋ ደገፋት፣ ንጉሡም መሄጃ አጣ።

«ማት» አለ ነቢል። ድምፅ አልወጣውም፣ ከንፈሩ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

«ወላሂ ይሄ ልጅ ፍርሃት አያውቅም!» አሉ። እኔ ጥፍሮቹን ነበር የማየው። ሰማያዊ ሆነው ነበር። ዛፉን ተደግፎ ቆይቶ በጆሮዬ «ረጅም ጨዋታ አልችልም፣ ሙራድ። ትንፋሼ ያልቅብኛል» አለኝ። ሰው ሁሉ ድፍረት ብሎ የጠራው ነገር... ችኮላ ነበር።

ስንደርስ የመርፌው ክፍል ተዘግቶ ነበር። «ነገ እንመጣለን» አለና ቤት ልንገባ ስንል ትከሻዬን ያዘኝ። «ለኡሚ ተወግቷል በላት። ወላሂ በል።»

«ወላሂ» አልኩ።

ኡሚ ደክሞት ስታየው መርፌው መስሏት ግንባሩን ሳመችው።

ነገ የተባለው ሳምንት፣ ሳምንቱም ወር ሆነ። ክረምት ገብቶ በአሸዋው ወንዝ ጎርፍ ሲወርድ ሰው ሁሉ ድልድዩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር፤ ነቢል ግን የድልድዩን ብረት የያዘው ለመተንፈስ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ነጠላ ጫማው አልገባ አለው። ካርዱ ላይ ሦስት መስመር ባዶ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ ተነስቼ፣ ፊቷን ሳይ ያቺ ወላሂ ትዝ ትለኝና ወደ ውጪ እወጣ ነበር።

በመስከረም ሆስፒታል ስናስገባው ሐኪሙ መርፌውን አቋርጦ እንደነበር ጠየቀ። ኡሚ ቀድማኝ «አንድም ወር አልዘለለም። ትንሹ ነው የሚወስደው» አለች። ሐኪሙ አየኝ። እኔ ካርዱን ኪሴ ውስጥ ወደ ታች ገፋሁት። በሦስተኛው ቀን ነቢል አረፈ።

ጋሽ ታደለ ዛሬም በቀልቃላዋ ይጀምራል። መልሷን አውቃለሁ፣ ግን አልጫወታትም፤ ካንዴላውን ከቤቱ ሳላነቃንቅ ቀስ ብዬ እጫወትና እሸነፋለሁ። ኡሚ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ነቢሌ ተወግቶ በመጣበት ቀን ነው ጋሽ ታደለን የረታው» ትላለች። ባለፈው ሳምንት ካርዱን ከሳጥኗ አውጥታ «እስቲ አንብብልኝ» አለችኝ። ከላይ ጀምሬ ቀኖቹን አነበብኩላት። ባዶዎቹ ጋ ስደርስ ድምፄን ሳልቀይር ቀን እየፈጠርኩ ቀጠልኩ። አመስግናኝ አጠፈችው። ያኔ አንዲት ወላሂ ብቻ ነበረችብኝ፤ አሁን ስንት እንደሆኑ አላውቅም።