የክብር ወንበር በአየር ላይ

በነቀምቴ ፍርድ ቤት የመዝገብ ጸሐፊ የነበሩት አቶ ተረፋ ደረሳ በሰው ሀብት የሚቀኑ ሰው አልነበሩም። ጎረቤት ፎቅ ቢሠራ፣ ወንድም ሰጋር በቅሎ ቢገዛ፣ «ይባረክለት» ብለው ያልፋሉ። ቅናት ምን እንደ ሆነ ያወቁት በሃምሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ ያስተማራቸውም የጨርቅ ነጋዴው ፈድሉ ነበር።

ፈድሉ ከጉራጌ አገር መጥቶ በነቀምቴ ገበያ ሱቅ የከፈተ፣ ሳቁ ከሱቁ የሚሰፋ ሰው ነው። በዚያ ዓመት በጥቅምት በአውሮፕላን ጅማ ደርሶ ሲመለስ፣ ደንበኞቹ በተሰበሰቡበት፣

«ኦቦ ተረፋ፣ የአባትዎን ቤት ከሰማይ አየሁት!» አለ። «አርጆ ላይ ቆርቆሮው ሲያብረቀርቅ! ላሞቹን እንኳ ቆጠርኳቸው።»

«ስንት ነበሩ?» አለው አንድ ቀልደኛ።

«አሥራ አንድ። አንዷ ተኝታለች።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ተረፋ ግን ያን ዕለት ምሳ አልበሉም። እትብታቸው የተቀበረበትን ቤት ባለ ሱቅ ቀድሟቸው ከላይ አየው!

«ጣራውን አየ እንጂ ቤቱን አልወሰደው፤ ምን ጎደለብዎ?» አለቻቸው ባለቤታቸው ቀለሟ።

«አንቺ አይገባሽም» አሉ።

በጥር የእኅታቸው ልጅ በጅማ ስትዳር፣ በመኪና መሄድ ሲችሉ የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጡ። አርጆ በየት በኩል እንደሚታይ ቢጠይቁ፣ «በቀኝ፤ በግራ ኑኑ ቁምባ ነው። ወንበር ቀድሞ የገባ የወደደውን ይይዛል» ተባሉ። ለከተማው ሁሉ፣ «እኔ ደግሞ አይቼ እነግራችኋለሁ» ብለው ቃል ገቡ።

በመንገዱ ቀን ከሁሉ ቀድመው አውሮፕላኑ የሚያርፍበት ሜዳ ላይ ተገኙ። አውሮፕላኑ ሲቆም ጭራው መሬት የነካ፣ ራሱ ሽቅብ የቀና ነበር፤ በሩ ከወደ ጭራው ስለሆነ፣ የገባ ሰው ወደ ፊት የሚሄደው ዳገት እንደሚወጣ ሆኖ ነው። ተረፋ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰርግም በሸንጎም ከፍ ባለው ስፍራ የተቀመጡ ናቸውና አላመነቱም፤ ዳገቱን ወጥተው ከሁሉ ፊት በቀኝ መስኮት ተሰየሙ። ከበሩ አጠገብ፣ በዝቅተኛው ስፍራ፣ ቅቤ ነጋዴዋ ወለቴ እንደ እሳቸው በቀኝ በኩል ተቀመጠች።

አየር ላይ ሲወጡ ተረፋ ግንባራቸውን ከመስታወቱ አስጠጉ። ያዩት ሞተርና ክንፍ ነው። ቢያጎነብሱ ክንፍ፣ ቢንጠራሩም ክንፍ!

«እዩት አርጆን!» ብላ ጮኸች ወለቴ ከኋላ። «ያ ጣራ የማን ነው? እንዴት ያምራል!»

ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ተረፋ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ግን በሰው ሁሉ ፊት ከላይ ተነሥቶ ወደ ታች፣ ቅቤ ነጋዴ አጠገብ? መልሰው ተቀመጡ። አርጆም በወለቴ መስኮት አለፈች።

በመኪና ከጅማ በተመለሱ ማግስት ፈድሉ በሱቁ ደጅ ጠራቸው፤ ሰውም ከበባቸው።

«እንዴት ነበር ኦቦ? ቤቱን አዩት?»

«ከፊት ነበር የተቀመጥሁት» አሉ ተረፋ አገጫቸውን ቀና አድርገው።

ፈድሉ ከፊት የተቀመጠ ምን እንደሚያይ ያውቃል። ወደ ሰዉ ዞሮ፣ «እንግዲያማ ከእኔ አብልጠው አይተዋል። እኔ ምስኪኑ ከጭራው ነበርሁ» አለ።

ተረፋ ጆሯቸው ጋለ። ጣራውን አይቶባቸው ነበር፤ አሁን ደግሞ በጨዋነትም ሊቀድማቸው!

«ክንፍ ነው ያየሁት» አሉ ጮክ ብለው። «ከነቀምቴ እስከ ጅማ፣ ክንፍ!»

ገበያው በሳቅ ተናወጠ። ያልሳቀው ፈድሉ ብቻ ነበር፤ ተረፋም ሌላውን ሁሉ ይቅር ሲሉ፣ ይህን አለመሳቁን ግን እስኪሞቱ ድረስ ይቅር አላሉትም።